ሦስት ሲኒ፣ አንድ ቡና

ማይክሮአሬይን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘ ሰው ቅር ይለዋል። ይህን ያህል የተወራለት ነገር ርዝመቱ 75፣ ወርዱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በየትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚገባው ዓይነት መስታወት ነው። ወደ ብርሃን አዙረው ቢያዩትም ባዶ ነው። በዚያ ባዶ በሚመስል ፊት ላይ ግን ጥቃቅን የዲኤንኤ ነጥቦች በሺህ እየተቆጠሩ በረድፍ ተደርድረው ተጣብቀዋል፤ እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ጂን ተጠሪ ናት። ለቡና ተብሎ የተሠራው መስታወት ለ15,522 ጂኖች ተጠሪ ነጥብ አለው።

ዛሬ ዛሬ ስለዚህ መሣሪያ ሲነሣ «እሱማ አረጀ» የሚሉ ይበዛሉ። እርግጥ ነው፣ አርኤንኤን ፊደል በፊደል የሚያነቡ ማሽኖች ቦታውን ወስደዋል። እኔ ግን የሚገባውን ያህል አልተመሰገነም እላለሁ። ውድ ስለነበረ፣ ሁለት ቀለም የሚጠቀመው ዓይነት ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ናሙና ብቻ ስለሚያስተናግድ፣ ተመራማሪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዞ እንዲቀመጥ ያስገድደው ነበር። የትኛው ናሙና ከየትኛው ጋር ይጣመር? ስንት ዛፍ? ከየትኛው ማሳ? በስንት ሰዓት? በአዲሶቹ ማሽኖች የጀመሩ ወጣቶች ይህ ጭንቀት ስላልደረሰባቸው፣ ማሰብ የሚጀምሩት ናሙናውን ሰብስበው ከጨረሱ በኋላ ነው።

መሠረቱን በአጭሩ ልበል። በአንድ የቡና ዛፍ ቅጠል፣ ሥርና ፍሬ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው፤ ቅጠሉን ቅጠል፣ ፍሬውን ፍሬ የሚያደርገው የትኛው ጂን እየሠራ፣ የትኛው ተኝቶ እንደሆነ ነው። የሚሠራ ጂን አርኤንኤ ይቀዳል። ስለዚህ አርኤንኤውን የለካ፣ ዛፉ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደነበር ያውቃል። አሠራሩም ከባድ አይደለም፦ ከሁለቱ ናሙናዎች አርኤንኤው ይወጣል፤ ወደ ዲኤንኤ ተመልሶ ይገለበጣል፤ አንዱ ሳይ3 በሚባል አረንጓዴ፣ ሌላው ሳይ5 በሚባል ቀይ ቀለም ይነከራል። ሁለቱ ተቀላቅለው መስታወቱ ላይ ይፈስሱና ያድራሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ተጠሪውን ፈልጎ ይጣበቃል። በማግሥቱ መስታወቱ ታጥቦ በሌዘር ይነበባል። ነጥቧ አረንጓዴ ካበራች ጂኑ በአንደኛው፣ ቀይ ካበራች በሁለተኛው ናሙና በርትቶ ይሠራል ማለት ነው። ቢጫ ከሆነች ሁለቱም እኩል ናቸው። በስታንፎርድ የፓትሪክ ብራውን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ዘዴ በሳይንስ መጽሔት ላይ ሲያስተዋውቅ የለካው የአንዲት ትንሽ አረም፣ የአራቢዶፕሲስን፣ 45 ጂኖች ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልግባ።

«መምህር፣ ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ» አለኝ አንድ ጎበዝ ተማሪ፣ ሠንጠረዡን ዘርግቶ። የቡና ፍሬ በሽታን፣ በተለምዶ ሲቢዲ የምንለውን፣ የሚቋቋመው 74110 የተባለው ዝርያ ከአካባቢው ነባር ቡና በምን በምን ጂኖች እንደሚለይ ለማወቅ ነበር ምኞቱ። ጥያቄው ግሩም ነው። ጅማ አቅራቢያ ወዳለችው ሰርቦ ሄዶ ከአንድ የ74110 ዛፍ፣ ከዚያም ከአንድ ነባር ዛፍ ለጋ አረንጓዴ ፍሬ ቆርጦ አመጣ። አርኤንኤውን አወጣ፤ የእያንዳንዱን ለሦስት ብልቃጥ አካፈለ፤ በሦስት መስታወት ሊያነብ አቅዷል።

«ስንት ዛፍ ነው ያየኸው?» አልኩት።

«ሦስት ድግግሞሽ ነው፣ መምህር።»

«ዛፉን ነው የጠየቅኩህ።»

«ከየዝርያው አንድ… ግን ዝርያው እኮ አንድ ነው።»

ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ከጠረጴዛ ማዶ ከተቀመጡ ምሁራን ጭምር። የዐረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ የአንድ ዝርያ ዛፎች በዲኤንኤ በጣም ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ አንዱ ለሁሉም ይመሰክራል ይላሉ። ይህ ክርክር ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ዲኤንኤው አንድ ከሆነ የጂኖቹም ሥራ አንድ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው መጀመሪያውኑ ማይክሮአሬይ ለምን አስፈለገው? መሣሪያው የተፈለሰፈው ያው ዲኤንኤ በጥላ ሥርና በፀሐይ፣ በጠዋትና በቀትር፣ በጠገበ አፈርና በተራበ አፈር የተለያየ ሥራ ስለሚሠራ ነው።

ቡና የምናፈላ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ሲኒ እንጂ ሦስት ቡና አይደሉም። ከአንድ ጀበና ሦስቴ ቀድቶ «የሰርቦን ቡና ቀመስኩት» የሚል ሰው ያወቀው ጀበናዋን ነው። የተማሪዬም ሦስት መስታወቶች የሚነግሩት እጁ ምን ያህል እንደማይንቀጠቀጥና ፍተሻው ምን ያህል እንደተጣራ ብቻ ነው። ያ ጠቃሚ ነው፤ የቴክኒክ ድግግሞሽ ይባላል። ስለ 74110 ግን አይመሰክርም። ስለ ዝርያው የሚመሰክረው የሕይወት ድግግሞሽ የምንለው፣ ማለትም ሌላ ዛፍ፣ ሌላ ዛፍ፣ ደግሞም ሌላ ዛፍ ነው።

በቁጥር ላሳይ፣ ለምሳሌ ያህል የተመረጠ ቁጥር ነው። በዛፍና በዛፍ መካከል ያለው መለያየት በስታቲስቲክስ መለኪያ 4፣ በመስታወትና በመስታወት መካከል ያለው 1 ይሁን። አንድ ዛፍ በሦስት መስታወት ብናነብ፣ የመስታወቱ 1 ለሦስት ይካፈላል፤ የዛፉ 4 ግን ሳይነካ ይቀራል። የአማካዩ ጥርጣሬ 4.33 ይሆናል። ሦስት ዛፍ በሦስት መስታወት፣ አንዱን በአንዱ ብናነብ ግን 5 በሙሉ ለሦስት ይካፈልና 1.67 ይሆናል። የመስታወቱ ብዛት ያው ሦስት ነው፤ ወጪውም ከመንገዱ በቀር ያው ነው። ልዩነቱ እግር ብቻ ነው፤ ወደ ሁለት ተጨማሪ ማሳ መራመድ።

«እሺ፣ አሥር ዛፍ ቆርጬ በአንድ ብልቃጥ ልቀላቅል» የሚል ደግሞ አይጠፋም። መቀላቀል በራሱ ነውር የለበትም፤ የፍሬው መጠን ትንሽ ሲሆን ግድ ይላል። ነገር ግን አሥሩን ዛፍ አንድ ብልቃጥ ውስጥ የጨመረ ሰው አማካዩን አግኝቶ መለያየታቸውን ለዘላለም ጥሎታል። ከመካከላቸው አንዱ በሽታ ገብቶበት እሱ ብቻውን ቁጥሩን ወደ ላይ ጎትቶት እንደሆነ ማንም አያውቅም። መቀላቀል ከተፈለገ ብዙ ብልቃጥ ይሁን፣ በየብልቃጡም የተለያዩ ዛፎች ይግቡ።

ዛፎቹን ለማየት ከተማሪው ጋር አብሬ ሄድኩ። ሰርቦ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ጅማ ከመግባቱ በፊት የሚያልፋት የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። የጎማን ወይም የማናን ያህል በቡና ስሟ አይነሣም፤ ጓሮው ግን ቡና ነው። 74110ው የቆመው ከቤቱ ጥግ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ነበር። ነባሩ ዛፍ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ፣ ከሌላ ሰው ማሳ ድንበር ላይ፣ በዋንዛ ጥላ ሥር። ባለቤቱ አዛውንት ከኋላችን ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣

«ልጄ፣ ያኛውን ከዚህኛው ጋር ነው የምታስተያዩት?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ዝርያቸውን ለማወዳደር ነው።»

«ይሄኛው እኮ አመዱም፣ የጓሮው ጥራጊም፣ የዕቃ እጣቢውም የሚደፋበት ነው። ምን ጎድሎበት!»

ተማሪው ማስታወሻውን አወጣ። 74110ን ጠዋት፣ ነባሩን ከምሳ በኋላ እንደቆረጠም እዚያው ጽፎታል። እንግዲህ ሁለቱ ናሙናዎች በዝርያ፣ በማዳበሪያ፣ በጥላ፣ በሰዓት ይለያያሉ። የብዙ ጂኖች ሥራ በቀኑ ሰዓት መሠረት ከፍና ዝቅ ይላል። መስታወቱ ሺህ ጂን ቢያበራ፣ ያበራው በሽታ መቋቋም ነው ወይስ አመድ? ወይስ ምሳ ሰዓት? የትኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን ሊፈታ አይችልም። አራቱ ምክንያቶች አንድ ላይ ከተገመዱ በኋላ የሚለያቸው መቀስ የለም።

ይህ ጣጣ ከማይክሮአሬይ ጋር የተወለደ አይደለም። ከጅማ ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1967 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ ገጥሞታል። የቡና ፍሬ በሽታ ኬንያ ውስጥ ከታወቀ ከ1922 ወዲህ ወደ ሌሎች አገሮች ሲዛመት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጠቆር ያለ፣ ሰርጎድ ያለ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ ይሰፋና ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል፣ ወይም ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ በሽታው ወደበረታባቸው ቦታዎች ወርደው፣ ዙሪያቸው ሁሉ ሲጠቁር ንጹሕ ሆነው የቆዩ እናት ዛፎችን መረጡ። በ74 የሚጀምሩት ስሞች፣ 74110፣ 74112፣ 74148፣ 74158፣ የምርጫውን ዘመን 1974ን ተሸክመው ቀርተዋል፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ገበሬው ደርሰዋል።

ከሁሉ የምወደው እዚያ የተደረገውን ጥንቃቄ ነው። ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ዛፍ ሁሉ በሽታን የሚቋቋም አይደለም። ቀድሞ ያፈራ ወይም ደረቅ ቦታ የቆመ፣ በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ሳያገኘው ያመለጠ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሥራ ላይ የነበረው የኔዘርላንድ ተወላጅ ቫን ደር ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የዶክትሬት ጥናት ይህን ምርጫ በዝርዝር ጽፎታል። የእናት ዛፎቹ ፍሬ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ እያለ ሆን ተብሎ በፈንገሱ ይበከላል፤ ዘራቸውም ተዘርቶ ገና ጨቅላ ችግኝ ሳለ ግንዱ ላይ ፈንገሱ ይረጫል። ያመለጠና የተቋቋመ የሚለየው ያኔ ነው። በመስክ ሙከራ ደግሞ ዝርያዎቹ በብሎክ ይተከላሉ። በእያንዳንዱ ብሎክ ሁሉም ዝርያ አለ፣ ቦታቸውም በዕጣ ይወጣል። ተዳፋቱ ላይኛው ጫፍና ታችኛው ጫፍ የአፈር ልዩነት ቢኖር ልዩነቱ በብሎኮች መካከል ይቀራል እንጂ አንዱን ዝርያ ጠቅሞ ሌላውን አይጎዳም። ይህን ሕግ የደነገገው በእንግሊዝ የሮታምስቴድ እርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ የነበረው ሮናልድ ፊሸር ነው፤ የሙከራ ንድፍ መጽሐፉም በ1935 ወጥቷል። ድግግሞሽ፣ ዕጣ፣ ብሎክ ብሎ።

የማይክሮአሬይ ንድፍ የፊሸር ማሳ መስታወት ላይ ሲዘረጋ ነው። እያንዳንዱ መስታወት ሁለት መደብ ያለው ብሎክ ነው፤ አንዱ መደብ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ። ጋሪ ቸርችልና ካትሊን ኬርን የመሰሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህን ነበር ለባዮሎጂስቱ ያስረዱት።

ባዮሎጂስቱ የለመደው ሌላ መንገድ ነበር፦ ሁሉንም ናሙና ከአንድ የጋራ ማጣቀሻ ጋር ማጣመር። ይህ ንድፍ ቀላል ነው፣ ነገ አዲስ ናሙና ቢመጣ ለመጨመርም ይመቻል። ነገር ግን የንባቡ ግማሽ የሚባክነው ማንም ስለማይጠይቀው ማጣቀሻ ነው። ሁለት ናሙናና ሁለት መስታወት አለን እንበል። ሁለቱን በቀጥታ አጣምረን፣ በሁለተኛው መስታወት ቀለማቸውን አቀያይረን ብናነብና በማጣቀሻ በኩል ዞረን ብናነብ፣ ከመስታወቱ የሚመጣው ጥርጣሬ በሁለተኛው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል። ለሁለት ናሙና በማጣቀሻ መዞር ገንዘብ መጣል ነው። ናሙናው ሲበዛ፣ በተለይም ሁሉንም በአንድ ቀን መሰብሰብ በማይቻልበት ጊዜ፣ ማጣቀሻው ዋጋ ያገኛል።

ቀለም ማቀያየር ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ሁለቱ ቀለሞች እኩል አይሠሩም። አንዳንድ ጂን ምንም ልዩነት ሳይኖረው በአንዱ ቀለም ይደምቃል። 74110ን ሁልጊዜ ቀይ፣ ነባሩን ሁልጊዜ አረንጓዴ ያደረገ ሰው፣ የቀለሙን ጠባይ የዝርያው ጠባይ አድርጎ ይጽፋል። ቀዩ ሳይ5 ደግሞ በኦዞን ይበላል፤ የተነከረውን መስታወት ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቡና ሊጠጣ የሄደ ሰው ሲመለስ ቀዩ ሁሉ ደክሞ ያገኘዋል። አርኤንኤ ራሱ ከዚህ የባሰ ስስ ነው፤ ጣታችን ላይ ያለው ኢንዛይም ይበጣጥሰዋል። ጓንት አድርጎ ስልኩን የሚነካካ፣ በዚያው ጓንት ብልቃጥ የሚከፍት ሰው ሳይ እጁን መምታት ያምረኛል። ፍሬው እንደተቆረጠ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት አለበት፤ ላም የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች ዘሩን የሚያቆዩበት ያው 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ነው። በፌስታል ጠቅልሎ በሚኒባስ ጅማ ማድረስ አይቻልም። ፍሬው መንገድ ላይ እየሞተም ጂኖቹን ያበራል ያጠፋል፣ መስታወቱም የሚያነበው ያንን ጣር ነው።

ንድፍ መልስን እንዴት እንደሚገለብጥ ከቡናው መስታወት የተሻለ ምስክር አላውቅም። ዐረቢካ 44 ክሮሞሶም ያለው፣ ከሮቡስታና ዩጂኒዮይዲስ ከተባለው ዘመዱ የተወለደ ነው። በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ሦስቱን በመስታወቱ አወዳደሯቸው። አንድ ሙቀት ብቻ ይዘው ግን አልቀሩም። ቀን 26፣ ሌሊት 22 ዲግሪ አንድ፤ ቀን 30፣ ሌሊት 26 ዲግሪ ሁለት። በሁሉም ንጽጽር ከ35 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጂኖች የተለያየ ሥራ ሲሠሩ ተገኙ፤ ከአንዱ በቀር። በሞቃቱ ክፍል ዐረቢካና ሮቡስታ የተለያዩት ከ9 በመቶ ባነሱ ጂኖች ነበር። ለቆላ የሚስማማው ሮቡስታ፣ ሙቀት ሲመጣ በልጁ ውስጥ የገነነ ይመስላል። ሙቀቱን አንድ ብቻ አድርገው ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ ቡድን «ዐረቢካ ከሮቡስታ በእጅጉ ይለያል» ሲል፣ ሌላው «አንድ ናቸው» ብሎ ያሳትም ነበር፤ ሁለቱም ልክ ሆነው። መሣሪያው እዚህ ላይ ድክመቱን ማመን አለበት፦ ከሁለቱ ወላጆች የመጡት ቅጂዎች በጣም ስለሚመሳሰሉ ነጥቧ ብዙ ጊዜ ድምራቸውን ነው የምታነበው፤ የትኛው ቅጂ እንደሠራ አትለይም።

ስለ ብዛትም አንድ ነገር። በአንድ ጂን ላይ «የመሳሳት ዕድሌ 5 በመቶ ነው» ማለት ያስመካል። በ15,522 ጂኖች ላይ ያው 5 በመቶ፣ ምንም ልዩነት በሌለበት እንኳ፣ 776 የሐሰት ግኝት ያመጣል። ከነዚህ መሐል የሚያምር ስም ያለውን ጂን መርጦ ታሪክ መጻፍ ይቻላል፤ ተጽፎም ያውቃል። የስታቲስቲክስ ሰዎቹ የቤንጃሚኒና ሆክበርግ የ1995 ዘዴ ለዚህ መድኃኒት ነው፤ የተሳሳተ ናሙናን ግን አያድንም።

አንዳንዴ ደግሞ 15 ሺህ ጂን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 65 የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ከኢትዮጵያ የሰበሰበው የቡና ዘር ውሎ አድሮ ብራዚል ደርሶ፣ በ2004 ከዚያ ዘር የበቀሉ ሦስት ዛፎች ካፌይን አልባ ሆነው ተገኙ። ካፌይን ከመሆኑ በፊት ያለው ቲዎብሮሚን ተጠራቅሞባቸዋል። ስለዚህ የሚጠረጠረው የመጨረሻውን እርምጃ የሚሠራው ኢንዛይም ጂን ነው፤ ያንን አንዱን ለብቻው መለካት በቂ ነበር፣ ሲለኩትም ሥራው ደክሞ ተገኘ። የሚጠረጥረውን የሚያውቅ ሰው መስታወት አይገዛም።

ተማሪዬ ግን የሚጠረጥረውን አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ መስታወቱ ይገባዋል። እዚያው ሰርቦ፣ ጓሮው ድንበር ላይ ቁጭ ብለን ንድፉን እንደገና ጻፍነው። ሁለቱንም ዝርያ በአንድ ጓሮ፣ በተቀራረበ ቦታና ጥላ ያቆሙ ስድስት አባወራዎች ይፈለጋሉ፤ እያንዳንዱ ጓሮ አንድ ብሎክ ነው። የየጓሮው ጥንድ ዛፍ ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ የእድገት ደረጃ፣ በሁለት ሰው ይቆረጣል፤ ማን የትኛውን እንደሚቆርጥ በሳንቲም ይወሰናል። ጥንዱ በአንድ ቀን ይፈተሻል፣ በአንድ መስታወት ይጣመራል። በሦስቱ መስታወት 74110 ቀይ፣ በሦስቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ የትኛው ጓሮ ወደየትኛው እንደሚሄድ በዕጣ። በየብልቃጡ ላይ ጓሮው፣ ዛፉ፣ ሰዓቱና የቆረጠው ሰው ይጻፋል፤ በማይለቅ ቀለም፣ ናይትሮጅን ተራ እስክሪብቶን ያራግፋልና። ገንዘብ ከተረፈ ሰባተኛና ስምንተኛ ጓሮ ይጨመራል። የሚጨመረው ሁለት ሁለት እየሆነ ነው፣ የቀለሙ ሚዛን እንዳይፋለስ።